የባለ ፋብሪካው ልጅ መርዶ

ሶዶ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ባዳቾ ቶማ፣ የፊልም ማሳያው አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በየሳምንቱ የሚያሰልፉን ዘበኛዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ከቅዳሜ ምሽት ጀምሮ ካደረብኝ አድናቆት በስተቀር ምንም አላመመኝም።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ ፊልሙን ላላዩት አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ። ያሳዩን ፊልም ከአንድ ጥንታዊ አሳዛኝ ተውኔት የተወሰደ ነው። በተውኔቱ አንድ ንጉሥ የከተማዬን በር ለማንም አልከፍትም ብሎ ይምላል፤ ልጁ ውጭ ቀርታ ኖሮ፣ መሐላውን ላለማፍረስ ሲል ሳይከፍትላት በሩ ሥር ትሞትበታለች። በፊልሙ ንጉሡ ባለ ፋብሪካ ሆኗል፤ ዘውዱን በባርኔጣ፣ ፈረሱን በአውቶሞቢል ለውጧል። መሐላው ግን ያው ነው። ልጅቷ በሩን ማንኳኳት ስትጀምር እርስዎ ፊልሙን አስቆሙና፣ «ወገኖቼ፣ ሞት በምሽት አይነገርም፤ ከሁምቦ የመጣ ሰው ደግሞ ገና የሚሄደው መንገድ አለበት። ሲነጋ ሽማግሌ እልክላችኋለሁ» አሉን። ቃልዎንም አከበሩ። ስለዚህም፦

1ኛ. ስለ ሽማግሌዎቹ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለች ሽማግሌዎቹን ጎህ ሲቀድ በራቸው ላይ ቆመው ቢያገኟቸው «ወንድሜን ነው?» ብለው ደረታቸውን መቱ። «የለም እቴ፣ የባለ ፋብሪካውን ልጅ ነው» ቢሏቸው፣ «እናንተ ደግሞ እኔን በድንጋጤ ገድላችሁ ልትጨምሩባት ነው?» ብለው በመጥረጊያ ሸኟቸው። በእኔ ግምት ሽማግሌ ለመርዶ የሚሰበሰበው ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ነው። እርስዎ ግን አንድ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ተሰብስቦልዎት ሳለ፣ ለየብቻችን እንድንሰማ በየቤታችን በተኑን።

2ኛ. ከመጋረጃው አጠገብ ቆመው ወደ ወላይትኛ የሚተረጉሙልን አቶ ኤርሳዶ፣ ልጅቷ ስታንኳኳ «አባቷ ቁልፍ ሊያመጣ ሄዷል» ማለታቸው መልካም ልባቸውን ያሳያል። ሰውየው ቁልፍ ቢፈልግ ኖሮ ተውኔቱ ባልተጻፈ ነበር።

3ኛ. ይህን በቀልድ ላልፈው አልቻልኩም። የቀድሞ ተማሪዎቼ ያንኑ ተውኔት በአዳራሽዎ መድረክ ሊያሳዩ ሲጠይቁ፣ እርስዎ የመጨረሻው ገቢር ቀርቶ በማግሥቱ በሽማግሌ ይነገር ብለው ፈቀዱ። ልጅቷን የምትጫወተው አባይነሽ ናት። በፊተኞቹ ገቢሮች ከመጋረጃ ጀርባ ከማንኳኳት በቀር ሥራ የላትም፤ ወጥታ የምትናገረው በመጨረሻው ብቻ ነው። ከተበላ ከተማ ሶዶ ድረስ በእግሯ እየተመላለሰች ተለማምዳለች። አባቷ ከሠርጓ በፊት ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ፈቅደውላታል፤ ሊያዩአትም ይመጣሉ። እንግዲህ ሰውየው የልጃቸውን ማንኳኳት ሰምተው፣ ፊቷን ሳያዩ ይመለሱ ማለትዎ ነው። ባለ ፋብሪካውም ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ ምሎ ነበር፣ እርስዎ ግን ማንም አላስማለዎትም።

የሕዝብን እንባ እስኪነጋ በአደራ ለሚያስቀምጡበት ትጋትዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሳ፣

ጡረተኛ መምህር ደገፉ አንጁሎ

ከፈረምኩ በኋላ የመጣልኝ፦ ሞት የሚነገረው ሲነጋ ብቻ ከሆነ፣ አዳራሽዎን ማስቸገር አያስፈልገንም። ተውኔታችን በመጪው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሜዳ ላይ ይጀመራል፤ የአባይነሽ አባት ከፊት ይቀመጣሉ፤ ከጎናቸው ለእርስዎ ቦታ ይዘናል። መሐል ላይ ፀሐይዋን የሚያጠፋልዎ ሠራተኛ ካለ፣ እባክዎ እስከ ዓርብ ያሳውቁን።