በትንሽ ቀዳዳ ያዳኑ ሐኪም፦ የዶክተር ንግስት እንዳለው የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ንግስት ከአባታቸው ከአቶ እንዳለው ሣህለ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋነሽ ፋንታ ጥር 12 ቀን 1961 ዓ.ም. በጎጃም፣ ቢቸና ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1979 ዓ.ም. ሕክምና ለመማር ጎንደር ገቡ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት ወደ ቤታቸው መጡ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ እናታችን ምግብ አልረጋ ብሏቸው፣ ከስተው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ አገኟቸው። ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። እዚያም ሆዳቸው ከደረታቸው ሥር ጀምሮ ከእምብርታቸው በታች ድረስ ተቀደደ። የጨጓራ ካንሰር ነበር፤ ተሰራጭቷል ተባለና ምንም ሳይነካ ተመልሶ ተሰፋ። ስፌቱ ግን አልገጠመም፤ አመረቀዘ። ካንሰሩ ገና ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር፤ ቁስሉ አልሰጣቸውም። በለቅሶው ላይ ሽማግሌዎች «የእግዜር ፈቃድ ነው» ሲሉ፣ ንግስት ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው «እግዜርን አትጥሩት፤ ይህ የቢላዋ ሥራ ነው» አሉ። ብዙ ሰው ተቀየማቸው። እሳቸው ግን ቃላቸውን አላነሡም።

በ1986 ዓ.ም. ተመርቀው ሞጣ ተመደቡ። በዚያም በ1988 ዓ.ም. ከፊዚክስ መምህሩ ከአቶ አምባቸው ገብረ ኪዳን ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ዘሪቱንና ይታገስን አፍርተዋል። ከዚያም አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሕንድ ሄደው ሲፈልጉት የኖሩትን ተማሩ፤ ሆድን በሰፊው ከመቅደድ ይልቅ ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ውስጡን ማየት፣ በቀጫጭን መሣሪያም ዕጢውን ማውጣት።

ሲመለሱ በክልሉ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተመደቡ። ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ ማስፈር አልፈለግሁም። ጥናታቸውን የጀመሩት እዚያ ነው። የጨጓራና የአንጀት ካንሰር ያለበትን ሰው አስቀድመው በትንሿ ቀዳዳ ያዩታል። ካንሰሩ የተሰራጨበት ሰው በከንቱ አይቀደድም፤ የሚድነውም በትንሽ ቁስል ይድናል። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ይህ ለሀብታም አገር ነው» ሲሏቸው፣ «ሀብታምማ ተኝቶም ይበላል፤ ቶሎ ተነሥቶ ማረስ ያለበት ገበሬው ነው» ይሉ ነበር። ካሜራው ውስጡን እንዲያይ ሆድን የሚነፋው ጋዝ ሲጠፋባቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር ተማክረው የሆድን ቆዳ ወደ ላይ የሚያነሣ ማንጠልጠያ ሞጣ ከሚሠራ ብየዳ ቤት አሠርተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚህ መንገድ ከትልቁ አንጀታቸው ዕጢ የወጣላቸው የሞጣው አቶ ወልደ ኪዳን በዚያው ክረምት ሞፈር ጨብጠዋል። ዛሬም እዚህ፣ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆመዋል።

በ2004 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አዲስ ኃላፊ ተሾመለት። ካሜራውን ከቀዶ ሕክምና ክፍል አስወጥቶ በቢሮው የመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። እንግዳ ሲመጣ ይታያል፤ ፎቶ ይነሣል። ዶክተር ንግስት ቢሮው ድረስ ሄደው ሲጠይቁ «ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» አላቸው።

«ሰው ሲሰበር ማን ተጠይቆ ያውቃል?» ብለው መለሱለት።

በዚያ ሳምንት ወይዘሮ አየሁሽ የሚባሉ የሞጣ እናት ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ዶክተር ንግስት «ያለ ካሜራ አልነካቸውም፣ ይጠብቁ» ቢሉም በኃላፊው ትእዛዝ ሌላ ሐኪም በሰፊው ቀደዳቸው። ካንሰሩ ተሰራጭቶ ተገኘ። ተመልሰው ተሰፉ፤ ከዚያ አልጋም አልተነሡም። እኅቴ እናታችንን ሁለተኛ ጊዜ ቀበሩ። የወይዘሮ አየሁሽ ልጆች ዛሬ በዚህ አሉ፤ አንገታቸውን የሚደፉት እነሱ አይደሉም።

ቁም ሣጥኑ አልበቃ ብሎ፣ ኃላፊው ጥናቱን በራሱ ስም በጉባኤ ላይ አቅርቦ ተጨበጨበለት። ዶክተር ንግስት አቤት ሲሉ «ከሰው ጋር ተግባብተው አይሠሩም» ተብለው ወደ ሞጣ ተዛወሩ። ቅጣት መሆኑ ነው። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ቢቸና እየመጡ የጤና ባለሙያዎችን ያስተምሩ ነበር። ምግብ አልወርድ ያለውን፣ ዓይነ ምድሩ ደም የቀላቀለውን ሰው ቶሎ እንዲልኩ ይመክራሉ። ጸበል ለሚሄደውም «ጸበሉንም ጠጣ፣ እኔም ልይህ» ይሉት ነበር።

ስሙን ባልጠራሁት በዚያ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ መርፌ ወግቷቸው የያዛቸው የጉበት ቫይረስ ውሎ አድሮ ጉበታቸውን በላው። የሚከላከለው ክትባት ለሠራተኛው እንዲሰጥ ደጋግመው ጠይቀው ነበር፤ መልሱ ሁልጊዜ «ለከርሞ» ነበር። በ2009 ዓ.ም. አልጋ ላይ ዋሉ። ያ ኃላፊ ሊጠይቃቸው ፍራፍሬ ይዞ መጣ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ቀና ብለው አዩትና «ፍራፍሬውን ይውሰዱና ቁልፉን ያምጡልኝ» አሉት። ቁልፉ አልመጣም።

ዶክተር ንግስት ሚያዝያ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በ49 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ሆስፒታሉ «ለውድ ባልደረባችን» ብሎ የላከውን የአበባ ጉንጉን ቤተሰቡ ከደጅ መልሶታል። ያመጡት ሰዎች አይቀየሙን። ባልደረባ ማለት በሕይወት ሳለ ነው።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ አምባቸውን፣ ልጆቻቸውን ዘሪቱንና ይታገስን፣ ይህን የጻፍኩትን ታናሽ ወንድማቸውን ምናለን፣ እንዲሁም በእጃቸው ድነው ዛሬ ሊቀብሯቸው ከሞጣ የመጡትን ሁሉ ትተዋል። ስታስተዛዝኑን ለሰነበታችሁ የቢቸናና የሞጣ ሰዎች ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈል።

የሰውን ቁስል ለማሳነስ የደከሙትን እኅታችንን፣ ቁስል በሌለበት አገር፣ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ ቁጣችንን ግን አይውሰድብን። አሜን።