ሚጢ ቅባት እምቢ ያለችበት ምክንያት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። በስልክም ሁሌ የምልህ ይህንኑ ነው። ግን በስልክ ስናወራ አክስቴ አጠገቤ ትቆማለች፣ ሚጢም ልትነጥቀኝ ትዘላለች፣ ሌላ ነገር ለማለት አይመችም። ዛሬ ሁለቱም ገበያ ሄደዋል። እኔ ለሂሳብ ፈተና አጥና ተብዬ ቀርቻለሁ። አክስቴ ከጠየቀችህ እያጠናሁ ነበር።

የሚጢ ችፌ አገርሽቶባታል። «ትንሽ ያሳክካታል» ያልኩህ ውሸት ነበር። የክርኗና የጉልበቷ እጥፋት ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ አንገቷ ቀልቶ፣ ጠዋት ጠዋት አንሶላዋ ላይ ደም እናገኝ ነበር። ክፍሏ ውስጥ አንዱ ልጅ «እከካም» ብሎ አብሬሽ አልቀመጥም ሲላት በእርሳስ መያዣዋ መታችው። ወላጅ አምጪ ተባለችና እኔ ሄድኩ። መምህሯ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ወላጅ ነው ያልኩት» አለች። «የተገኘሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም። ጤና ጣቢያ የሰጡን ሁለቱም አሉ። በቱቦ ያለው የቀላው ቦታ ላይ ብቻ በስሱ ይቀባል፤ በትልቁ ዕቃ ያለው ደግሞ ታጥባ ቆዳዋ እርጥብ ሳለ መላ ሰውነቷ ላይ ይቀባል። እማዬ ከሞተች ወዲህ ግን ሚጢ ማንንም አታስነካም። ቅባቱ ሲከፈት ፎጣዋን ተከናንባ አልጋ ሥር ትገባለች።

ያልሞከርነው የለም። ከረሜላ ሰጠናት፤ ከረሜላውን ይዛ አልጋ ሥር ገባች። አክስቴ አሻንጉሊቷን ቀብታ «አየሽ፣ እሷ እንዴት ጎበዝ ናት» ብትላት፣ «እሷን አያሳክካትም፣ ለምን ታባክኚዋለሽ?» አለቻት።

ከሁለት ሳምንት በፊት የአክስቴ ትዕግሥት አለቀና «ያዝልኝ» አለችኝ። ያዝኳት፣ አባዬ። ሁለት እጇን ጥርቅም አድርጌ ያዝኳት፣ አክስቴ ቀባቻት። አልጮኸችም። ስንለቃት ጥግ ሄዳ በፎጣው እየፈገፈገች ጠረገችው፤ ቆዳዋም አብሮ ተላጠ። አክስቴ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሚጢ ሁለት ቀን ሙሉ «ጋሼ» አላለችኝም። የምትፈልገኝ ነገር ሲኖር «አንተ ልጅ» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አንዱ ቁስል መግል ይዟል። ነርሷ «በሳምንቱ ለውጥ ካላየሁ ሆስፒታል መተኛቷ ነው» አለች። ሚጢ እጄን ጨመቀችው። እማዬን የወሰዷት ሆስፒታል ነው፣ እሷ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መጥተን ሳህን ሳጥብ ባልዲ ገልብጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እጁ የደረቀ ሰው ይሞታል?»

«ማን አለሽ?»

«ማንም። መልስልኝ።»

«አይሞትም።»

«የእማዬ እጅ ግን ደርቆ ነበር።»

ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትውል ሳሙናው እጇን እንዴት ያደርገው እንደነበር ታውቃለህ። ምናልባት የማታውቀው፣ ሚጢን ቀብታ ስትጨርስ ሁለት እጇን ዘርግታ «በይ ዶክተር፣ አሁን የእኔ ተራ ነው» ትላት ነበር። ሚጢም ጣት በጣት ትቀባታለች። በመጨረሻው እሁድ ግን ተኳርፈው ነበር። እማዬ ያ የሱፍ ሹራብ ያሳክክሻል ብላ ቀምታት ነበርና፣ እጇን ስትዘረጋላት ሚጢ «ራስሽ ተቀቢ» አለቻት። በማግስቱ እማዬ ከሥራ አልተመለሰችም።

«ስላልቀባኋት ነው የሞተችው» አለችኝ ሚጢ። «እኔም አልቀባም።» ይህን ያለችው የቤት ሥራዬን ጨርሻለሁ በምትልበት ድምፅ ነው። አራት ወር ሙሉ ለማንም ሳትተነፍስ ይዛው ኖራለች።

እጄ አረፋ እንደሆነ ቆምኩ። ሐኪሞቹ ልቧ ነው ማለታቸውን ነገርኳት። የባዮሎጂ መጽሐፌን አምጥቼ የልብን ሥዕል አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና «እጁስ የታለ?» አለችኝ።

ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ያን እሁድ እማዬ ከሚጢ ዘንድ ተነሥታ እኔ ጋ መጥታ ነበር። «ዶክተሬ አኩርፋለች፣ አንተ ቀባኝ» አለችኝ። ስልኬ ላይ ኳስ እያየሁ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል «እሺ፣ አምስት ደቂቃ» አልኳት። ጨዋታው እስኪያልቅ አልተነሣሁም።

ሚጢ ከባልዲው ላይ ተነሣች። «አንተም አልቀባሃትም?»

«አልቀባኋትም።»

«ታዲያ ደርቃ ቀረች?»

«የለም፣ ራሷ ተቀባች። ከዚያ በዚያ በቅባታም እጇ ጆሮዬን ጎተተችኝ። ጆሮዬ እየሟለጨ አስቸገራት።»

«በደንብ ተቀብታ ነበር?»

«እስከ ክርኗ።»

ጆሮዬን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ።

አፍሬ ዝም ማለቴ የሚጎዳው እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። እሷ ያን ሁሉ ቀን ቆዳዋን ስታክክ፣ የምትፈልገው ነገር እኔ ጋ ነበር።

ሳህኑን ጨርሼ ውኃ አሞቅኩላት። ታጥባ ወጣች፣ አልጋ ሥር አልገባችም። ቱቦውን የምትጫነው እሷ ናት፣ እግሯንም ራሷ ትቀባለች፣ ጀርባዋና አንገቷ የእኔ ናቸው፤ እንዲህ ተስማማን። የተሰነጠቀው ላይ ሲነካት «ያቃጥላል» አለች። ሌላ ጊዜ «ምንም አያቃጥልም» እንላት ነበር። ያን ቀን «አዎ፣ ያቃጥላል» አልኳት። አለቀሰች፣ ግን አላስቆመችኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ብቻ ነው እምቢ ያለችው። ትናንት ነርሷ አይታት መግሉ ደርቋል፣ ሆስፒታሉ ቀርቷል አለች። እጥፋቶቹ ገና ናቸው፣ ጊዜ ይወስዳል።

አባዬ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በቀብሩ ማግስት በረንዳው ላይ ለአጎቴ የነገርከውን ሰምቻለሁ። ያን እሁድ እማዬ ደውላልህ፣ መንገድ ስትደለድል ግሬደሩ ላይ ስለነበርክ አላነሣህም። ወደ ሥራ ከተመለስክ በኋላ ስትደውል ቶሎ ጨርሰህ የምትዘጋው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ግን እማዬ ያን እሁድ ስትደውልልህ አጠገቧ ነበርኩ። እጇ በቅባት ስለራሰ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ አልተከፋችም። «ሥራ ላይ ነው፣ ነገ እደውልለታለሁ» አለችና ሹራቡን ልትደብቅ ሄደች። ይህንንም አራት ወር ያዝኩት። ሚጢ ለምን አልነገርከኝም ስላለችኝ ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

ደብዳቤውን ነገ ወደ ካምፑ ለሚመጣው የነዳጅ መኪና ሹፌር እሰጠዋለሁ። አንተ ብርድ ላይ አትቆይ፣ ምሳህንም አትዝለል። እግዚአብሔር ከማሽኑም ከመንገዱም ይጠብቅህ፣ እኛንም አንተን ለማየት ያብቃን።

የሚጢ ቀጠሮ ኅዳር 28 ነው፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አክስቴ ወይም እኔ እንወስዳታለን። እንዲያው ቀኑን እንድታውቀው ብዬ ነው።

የሚወድህ ልጅህ