ቁልፌ ያልከፈተው በር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ የዓይን ምርመራ ነበረኝ። ሐኪሟ ጠብታውን ከማድረጓ በፊት «አባባ፣ ሰው ይዘው መጥተዋል? ለጥቂት ሰዓት አጥርተው አያዩም» አለችኝ። ልጄ ውጭ እየጠበቀችኝ ነው አልኳት። የምን ልጅ! ማንም የለኝም ለማለት አፍሬ ነው።

ስኳሩ ዓይኔ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ጎድቷቸው መድማት ጀምረዋል። «ስኳርዎን ካልተቆጣጠሩ፣ ክብደትዎንም ካልቀነሱ ዓይንዎን ሊያጡ ይችላሉ» አለችኝ። ብቻውን የሚበላን ሰው «በቃህ» የሚለው ማን አለ?

ቱሉ ዲምቱ ከታክሲ ስወርድ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ኮንዶሚኒየሙ እንደሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የብሎኩን ቁጥር ማንበብ አቃተኝ። ግድግዳ እየዳበስኩ በግምት ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁና ቁልፌን በሩ ላይ ሰካሁ። አልዞር አለኝ።

ከውስጥ አንዲት ሴት «መጣህ? ምሳው እኮ ቀዘቀዘ! የት ቆይተህ ነው?» ብላ ጮኸች።

ብሎክ መሳሳቴ ያኔ ገባኝ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የተቆጣኝ ሰው የለም።

ወዲያው ይቅርታ ጠይቄ መሄድ ነበረብኝ። ቁልፉን ግን ቶሎ አልነቀልኩትም።