በገበያው እሳት ፈንታ

ኅዳር ፮፣ ቁስቋም፤ ጠዋት

ከልመና ተመለስሁ። አኩፋዳዬ ግማሽ ነው። ውሻ ዱላዬን ነከሰ፣ እኔን ተወኝ። ዜማው ዛሬም አልወጣልኝም። የኔታ አልተቆጡም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ አይቆጡኝም፤ ይህ ከቁጣው ይብሳል። (ቦታ ስለሚያንሰኝ ከእንግዲህ የ/ታ እላቸዋለሁ።)

ብራናዬ፣ አንች ከዳዊት መጻፊያ የተረፍሽ ቁራጭ ነሽ። ጽሕፈት እንድለማመድብሽ ነበር የተሰጠሽኝ። ልምምዱ ይቆይ። የምነግርሽ አለኝ።

ወንድሜ ውበቴ በጥቅምት፣ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ሞተ። ሽፍቶች ከጉና ወርደው ዳሶቹን ለኮሱ። ሰው ሲሸሽ ተኮሱበት። የወሰዱት ነገር የለም፤ ማሩም እህሉም እዚያው ነደደ። ያልዘረፉበት ነገር አልገባኝ ብሎ ነበር። የ/ታ አስረዱኝ፦ የመጡት ለፍርሃታችን ነው፤ ከእንግዲህ በንጉሡ ገበያ ማንም እንዳይቆም።

ውበቴ አምልጦ ነበር። የታሰረች አህያችንን ሊፈታ ተመለሰ። እሷ የተቆረጠ ገመድ እየጎተተች ብቻዋን ቤት ገባች።

ኅዳር ፰

ነጋሪት ተጎሰመ። ሽፍቶቹ ከገበያው በፊት ጉና ሥር ካለ መንደር በልተው አድረዋል። ገዥው ያ መንደር አውጫጭ ይቀመጥ ብለዋል። የመሪውን ስም ካላወጣ ይቃጠላል። ከዚያ በፊት ግን ከሟቾቹ ወገን አንድ ሰው ችሎት ቆሞ የሚፈልገውን ይናገር።

ሌሎቹ ሟቾች የሩቅ አገር ነጋዴዎች ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ገና አልሰሙም። አባቴ የለም። ለደሙ ለመቆም ከአጎት ወንድም ይቀድማል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

አጎቴ ከነጋሪቱ በቀጥታ ወደኔ መጣ። «ይቃጠል ነው የምትለው። አንዲት ቃል ናት፤ ደግሞ ቅኔ አታድርጋት» አለኝ።

ደስ አለኝ። ላንች አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከሐዘኑ ወዲህ ጠግቤ የበላሁት ዛሬ ነው።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ለማንም ሳልናገር ወደ ጉና ወጣሁ። የሚቃጠለውን መንደር ላየው ፈለግሁ። ተማሪ ነኝ፤ አኩፋዳ ይዞ የመጣን የሚጠረጥር የለም። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ገብስ እያጨዱ ነው።

በመጀመሪያው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ቃሉን አጣደፍሁት። የጠላሁት ቤት ነዋ። አንዲት ሴትዮ ወጡ። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ የለም። ትኩስ የገብስ ቂጣ ከአኩፋዳዬ ከተቱልኝ። እሳቸው ስላልጠየቁኝ እኔ ጠየቅሁ፦ ለመጣው ሁሉ ትሰጣላችሁ ወይ፣ እማማ?

«ደጅ የቆመን ምን እንበለው ልጄ? አንተ የማርያምን ስም ይዘህ መጣህ። እነዚያ ጠመንጃ ይዘው መጡ። የገዥው ጭፍራ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፤ አበላሉን ብታየው!»

ሳቅሁ። እዚያ ደጅ ላይ በመሳቄ ተናደድሁ። ቂጣውን መንገድ ላይ ልጥለው አሰብሁ።

በላሁት።

ኅዳር ፲፫፤ ከዜማ በኋላ

ለየ/ታ ነገርኋቸው። መንደሩ ከተቃጠለ ወንዶቹ የት ይገባሉ አሉኝ። ዱር፣ አልሁ። ዱር ማን ይቀበላቸዋል? ሽፍቶቹ፣ አልሁ።

ከዚያ ፈነዳሁ። ታዲያ ገበያችን ይንደድ፣ እኛ ዜማ እንቁም? ወንድሜ የማንም አይደለም?

ተቆጡ። በመቋሚያቸው መሬቱን መቱት። ማን ዝም በል አለህ አሉ። የገደለው ይያዝ፣ ይፈረድበት። አገር የሚያስተዳድር ሰው ግን ገዳዩንና ፈሪውን በአንድ እሳት ካነደደ፣ ፈሪውን ለገዳዩ ሰጠው ማለት ነው። ሽፍታው የሚሻውን ሥራ ሠራለት።

ጠጠር ላይ አንበርክከው ዜማውን አስደገሙኝ። ጉልበቴ ያመኛል። ዛሬ ቀለል ብሎኛል።

ኅዳር ፲፮፣ ጾም

አውጫጩን አየሁ። ሽማግሌውም አራሷም ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል። ስም እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም፤ ያልተወቃው ገብስ አውድማ ላይ ቀርቷል። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ያየ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይናገራል። እነሱም «ወፍ ነገረችን» ብለው ስሙን ያወጣሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም።

ወፍ አልመጣችም። ገዥው፣ መንደርተኞቹ እልኸኞች ናቸው ይላሉ። እኔ ግን ከዳር ሆኜ ሳይ፣ ጭፍሮቹ ሽማግሌዎቹን በጦር ከበዋቸዋል። ወደነሱ የሚሄድ ሰው ሜዳውን ሁሉ ብቻውን ማቋረጥ አለበት። መንደሩ ያየዋል። ከላይ ተራራው ያየዋል። ሽፍቶቹ ከጉና የሚወርዱበት የተራራ በር ደግሞ ጠባቂ የለውም፤ ጦሩ ሁሉ እዚህ አራስ ይጠብቃል።

ቂጣ የሰጡኝ ሴትዮ አኩፋዳዬን አዩት። ከዚያ የሐዘን ጥቁሬን። ዓይናቸውን ሰበሩ። የሚያውቁት ነገር ያለ መሰለኝ። ማን በሰላም ቤታቸው ያስገባቸዋልና ይናገራሉ?

ኅዳር ፳

አጎቴ የነገውን ችሎት አስጠናኝ። እንዴት እንደምቆም፣ የት እንደማለቅስ። ይቃጠል ላልል እንደማስብ ነገርሁት። ፊቱ ጠቆረ። «ውበቴ ወንድም አልነበረውም፤ ደብተራ ነው የነበረው» ብሎ ወጣ። እያለቀሰ ነበር የወጣው።

ፈራሁ። ወፏ ባትመጣስ? የውበቴ ገዳይ በዚህ ምክንያት ቢያመልጥ፣ እስክሞት በኔ ነው። የ/ታ ይህን አይሸከሙልኝም።

ኅዳር ፳፩፣ ማርያም፤ ማለዳ፣ እናቴ ቤት

ቆርጫለሁ። ይቃጠል አልልም። ጭፍራው ከሜዳው ይነሣና ወደ ጉና በር ይሂድ፣ ገበያውንና መንደሩን ከዚያ ይጠብቅ እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ጎጆ ውስጥ ይቀመጡ። ያየውም ያላየውም ተራ በተራ ይግባ፣ እኩል ቆይቶ ይውጣ፤ ወፏ ከሌላው አትለይም። ስሙ ሲወጣ ያን ሰው ስጡኝ፣ ሌላ አልፈልግም። ገዥው ቢቆጡም ይቆጡ።

ለእናቴ ነገርኋት። ወደ በረት ገባች። ስከተላት የተቆረጠውን ገመድ በአዲስ ቀጥላ አህያዋን ጤፍ እየጫነች ነው። ከጥቅምት ወዲህ ገበያ ወጥታ አታውቅም። ወዴት ነው ብላት፣ ዛሬ ገበያ አይደለም እንዴ አለች።

አጎቴ ከደጅ ይጣራል። እስከ ገበያው መንገዳችን አንድ ነው። ጭነቱ ወደ ግራ አዘነበለ፣ ልደግፍላት ልሂድ።