የሳልህ ጭቃ

ሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ዛሬ ሳልህን ቀበርነው። በርበሬ በረንዳ ጎን ለጎን ቅመም ስንሸጥ ሠላሳ ዓመት በአንድ ቃል ተጨቃጭቀናል። እኔ «ምድር የምትለው ቃል የግእዝ ናት፤ በሌላ ቋንቋ ዘመድ የላትም» እላለሁ። እሱ አባቱ የመናዊ ናቸውና «አንተ ደብተራ፣ በዐረብኛ ጭቃው መደር ይባላል። ወላሂ፣ ወንድማማች ቃላት ናቸው!» ይለኛል። «ጭቃህን ይዘህ ወዲያ!» ስለው ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የግእዝ መምህር ጠየቅሁ። «ልክ ነው፣ የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው» አሉኝ። ለሳልህ ግን አልነገርኩትም፤ ትንሽ ላናድደው ብዬ። ሐሙስ ዕለት «መምህሩ ምን አሉ?» ሲለኝ «ሳቁብህ» አልኩት። እንደ ወትሮው አልሰደበኝም። ሚዛኑን መጥረግ ጀመረ።

በሙስሊሞቹ ወግ ቀባሪው ሦስት ጊዜ አፈር እየዘገነ መቃብሩ ላይ ይጨምራል። ዝናቡ አፈሩን ጭቃ አድርጎታል። ሁለቴ ጨመርኩ። በሦስተኛው «ረታኸኝ» ልለው አስቤ ነበር፤ ሳልለው የዘገንኩትን ጭቃ እንደጨበጥኩ ወጣሁ። አሁን መረታቴን ባምንስ ለማን ይጠቅማል?

የልጅ ልጄ «አባባ፣ ምሳ ቀርቧል፤ እጅዎን ይታጠቡ» ትለኛለች። «ታጥቤያለሁ» አልኳት፣ ግራ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ።