በባሌ ላይ የመሰከርኩ ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃ መውጣት አስቻለዎ? እትዬስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔና ልጄ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልዎ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ጨንቆኛል፣ ጋሼ። የልጄ አባት በቤተ ክርስቲያናችን ለሽምግልና መታጨቱን በስልክ ነግሬዎት ነበር። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ከጋራዥ ሲወጣ የእጁን ግራሶ እንኳ በቅጡ ሳያስለቅቅ የታመመ ሊጠይቅ የሚሮጥ ነው። እቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ልጅቷ የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ ደብተሯን ሰብስባ መኝታ ቤት ትገባለች። በዚህ ብርድ፣ አንድ ጥቅስ በቃሏ አልወጣ ቢላት፣ እስክታጠናው ብሎ በካልሲዋ ደረጃው ላይ አስወጥቶ ቆለፈባት። በምሠራበት ሆቴል አንሶላ ስተኩስ ውዬ ስመለስ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች እቤት መጡ፤ ጡረታ የወጣው ሹፌርና፣ ንግግሩ ስለማያልቅ «አቶ በመጨረሻም» የምንለው መምህር። የራሱን ቤት መምራት ያልቻለ የእግዚአብሔርን ቤት አይጠብቅምና፣ ሚስቱን ሳንጠይቅ እጅ አንጭንበትም አሉ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ፈገግ ብሏል። ደህና ነው ልል አፌን ስከፍት ልጄ በበሩ ክፍተት ስታየኝ አየኋት።

«ቤቱን የሚመራው በፍርሃት ነው» አልኩ። «እኔም ልጄም እንፈራዋለን።»

መምህሩ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋ። ባሌ ተነሳ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። እስከዛሬ የሚያድረው ጋራዡ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመዘምራኑ ሴቶች የባሏን ገመና አደባባይ ያወጣች ብለው ሰላምታ ነፈጉኝ። መጋቢው አስጠርቶ፣ በንዴት ነው የተናገርኩት ብለሽ ጉባኤው ፊት አስተባብይ፣ አለዚያ በእሱ ምስክርነት ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣው ሰው ሁሉ ይበተናል፣ መንጋው በአንቺ የተነሳ ይጠፋል አለኝ። እረኛ ለመንጋው ምሳሌ እንጂ ጌታ እንዳይሆንበት ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ፤ እዚያ ግን «ልጄም ከመንጋው ናት» ብቻ ብዬው ወጣሁ።

ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልዎ። የምተኩሰው አንሶላ በእንባዬ ይርሳል። ልጄ እሱ ከሄደ ወዲህ ሳሎን ቁጭ ብላ ታጠናለች፣ ታንጎራጉራለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይቆጨኛል፤ ድምፅዋ እንዲህ እንደሚያምር አላውቅም ነበር። ደግሞ እወደዋለሁ፣ ጋሼ። ምን ላድርግ?

ትናንት በሹፌሩ በኩል ቤቴ ልግባ ብሎ ልኮብኛል። የናፈቀው ቤቱን ይሁን ሹመቱን አላውቅም። ያጋቡን እርስዎ ነዎትና የእርስዎን ቃል ያከብራል፤ እባክዎ ይደውሉለት። ሹመቱን አያንሱበት። ልጅህ የምትፈራው ማንን ነው ብለው ብቻ ይጠይቁት። «እኔን» ካለዎ በሩን እከፍትለታለሁ።

እትዬን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ለትልቁ ልጅዎና ለለፍላፊዎቹ መንትዮች ናፍቆቴን ይንገሩልኝ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ እንዳያነቡላት፤ ደህና ናት ይበሏትና ስለ እኔ እንድትጸልይ ያድርጉልኝ።

ታናሽ እህትዎ
ከሆቴሉ መተኮሻ ክፍል፣ የካቲት ፲፬ ቀን