ቀኝ እጅ የሚይዘው ፍሬን

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2010

ዛሬም አረፈድኩ። አብሮኝ የሚኖረው ወንዴ ዳቦ ልግዛ ብሎ ብስክሌቴን ይዞ በማለዳ ወጣ፤ የተመለሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። በግራ እጁ የዳቦ ፌስታል፣ በቀኙ መሪውን ይዞ፣ እየሳቀ። “ማሊሽ ያ ዞል፣ ይቅርታ ወዳጄ፣ ሰልፉ ረዘመ” አለኝ። ሰልፉ ሻይ ሻጯ ጋ ነበር፤ አፉ ቅርንፉድ ይሸታል።

ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ ከአርካዊት ካርቱም ሁለት የሚያደርስ ሚኒባስ ማግኘት ዘበት ነው። ብስክሌቱ ከሌለ ሥራዬም የለም። የምግብ ቤቱ ባለቤት የቁርሱ ፉል ከቀረበ በኋላ ስገባ አየኝ። አልጮኸም። “ደግመህ ብታረፍድ ኸላስ” አለኝ፣ በቃ።

ወንዴን እንዳልጣላው ቤቱ በሱ ስም ነው፤ እኔ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ብስክሌቱን በሰንሰለት አስሬው ነበር። ቁልፉን ከትራሴ ስር አውጥቶ ከፈተና ደግሞ አመሰገነኝ።

ዓርብ

እረፍት። አንድ እንግሊዛዊ ደንበኛችን አገሩ ሲገባ የተወልኝን የዘይት ዲስክ ፍሬን ራሴ ገጠምኩት። የድሮው በሽቦ የሚሠራ ነበር። የፊቱ ከሞተ ቆይቷል፤ የኋላው በቀኝ እጅ ነው፣ እሱም ጣት እስኪደነዝዝ ካልጨመቁት አይዝም።

የሚያስፈልገው፦ የብሩጎላ መፍቻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አልኮል፣ ትዕግሥት። ትዕግሥት አልነበረኝም። ቅባት በነካው ጣቴ ዲስኩን ዳበስኩትና ራሴን እየተሳደብኩ እንደ አዲስ ጠረግኩት። የፍሬኑ ሸራ ከዲስኩ ጋር እየተፋተገ ያፏጫል። ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ፈታሁ። በመጨረሻ ብሎኖቹን አላልቼ፣ እጀታውን እንደጨበጥኩ ሳጠብቃቸው ፍሬኑ መሐል ላይ ቁጭ አለ። ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ። ብቻዬን ሳቅኩ።

አንድ ነገር አለ። የእንግሊዛዊው ፍሬን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀኝ እጅ የፊቱን ጎማ ይይዛል፣ ግራው የኋላውን። ላቀያይረው ብል ዘይቱ ይፈሳል፣ ሌላ ዘይት የለኝም። እኔ እለምደዋለሁ።

ወንዴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። “ወላሂ መሐንዲስ ሆነሃል። እሑድ ይህችን አጀላ እየነዳሁ ዳቦ አመጣልሃለሁ።” ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

ቅዳሜ

ቀድሜው ወጣሁ። አዲስ ሸራ ቶሎ አይዝም፤ ፈጠን ብሎ እየነዱ ደጋግሞ በመያዝ ማለማመድ ያስፈልጋል። ባዶው አስፋልት ላይ ስሄድ ስይዝ፣ ስሄድ ስይዝ ቆየሁ። ከሥራ ስመለስ ቀኙን በአንድ ጣት ብቻ ነካ ባደርገው የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሳ። ደነገጥኩ።

ከዚያ ወንዴን አሰብኩት። ግራ እጁ ፌስታል እንደያዘ፣ በቀኙ ብቻ፣ እንደለመደው ጨምቆ።

ራት ላይ ቀለም ስለሚቀባው ቪላ አወራኝ። እኔም ሰማሁት። ስለ ፍሬኑ አልተነፈስኩም። ልተኛ ስል ቁልፉን ከትራሴ ስር አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩለት። እንዳይለፋ።

እሑድ

ወንዴ መታጠፊያው ላይ ወደቀ። ጎረቤታችን ሐሰን በባለ ሦስት እግር ሩክሻው ጭኖ አመጣው። ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም፣ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፣ ግንባሩ ተላልጧል። “ምን ሆንኩ? ምን ሆንኩ?” ይላል፤ ሲነግሩት ይረሳና እንደገና ይጠይቃል።

መጀመሪያ ያየሁት ብስክሌቱን ነው። መሪው ትንሽ ዞሯል፤ ፍሬኑ ደህና ነው።

ሐሰን “ያላ፣ ውጣ፣ ሆስፒታል እንውሰደው” አለኝ። ሥራዬ ይቀርብኛል፣ አንተ ውሰደው አልኩት። አየኝና ይዞት ሄደ። መሪውን በጉልበቴ አቃንቼ ነዳሁ። በሰዓቱ ደረስኩ። ባለቤቱ “ተማም” አለኝ፣ ጥሩ።

አዘንኩለት? ትንሽ። ደስ አለኝ? ከትንሽ በላይ።

ሰኞ

ወንዴ ቀኝ እጁ ታስሮ ቤት ተኝቷል። የቪላውን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡበት። ፉል አድቅቄ በማንኪያ አጎረስኩት፣ ሸሚዙን ቆለፍኩለት፣ ሽንት ቤት ደግፌ ወሰድኩት። በየጉርሻው ያመሰግነኛል። ምስጋናው ያናድደኛል፤ ቢሰድበኝ እመርጣለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ አእምሮው መለስ ብሏል። ከበር መውጣቱን ያስታውሳል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ከዚያ በፊት ያለውም ተደባልቆበታል።

ሳጎርሰው እጄን ያዘና፣ “ሐሰን ብስክሌቱን አይቶት ነበር። ቀኙ የፊቱን ጎማ ነው የሚይዘው አለኝ። አንተ መቼም ሳትነግረኝ አትቀርም። ጭንቅላቴ ነው የጠፋበት። ነግረኸኝ ነበር አይደል?” አለ።

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

“ነግሬህ ነበር” አልኩት። “ቅዳሜ፣ ራት ላይ።”

“ማሊሽ ወንድሜ” አለኝ። “ሳልሰማህ ቀርቼ አጀላህንም ጎዳሁብህ።” ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ምንም አይደለም ብዬ አፉን ጠረግኩለት።

ሐኪሙ የጠፋው ትዝታ ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል ብሎታል። “ኢንሻላህ ይመለሳል” አለ ወንዴ።

እኔም ኢንሻላህ አልኩ።